ዴክሳሜታሶን መርፌ፦ ሕመሙ ጠፋ ማለት በሽታው ሄደ ማለት ነው?

በሰኔ 2012 ዓ.ም. የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አንድ ርካሽና ዕድሜ ጠገብ መድኃኒት በኮቪድ-19 ክፉኛ የታመሙ ሰዎችን ከሞት እንደሚታደግ ይፋ አደረጉ። በቀናት ውስጥ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም ኦክስጅን ወይም የመተንፈሻ መሣሪያ ላስፈለጋቸው ሕሙማን መድኃኒቱ በአስቸኳይ ሁኔታ ጥቅም ላይ እንዲውል መከረ። ዴክሳሜታሶን ከሆስፒታል ግቢ ወጥቶ የቡና ላይ ወሬ የሆነው ያኔ ነው።

ወሬው ግን ለየቅል ነው። ገሚሱ "አንድ መርፌ ተወግቼ ወገቤ ቀጥ አለ" ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ "አጥንት ይቦረቡራል፣ ስኳር ያመጣል፣ እንዳትነኩት" ብሎ ያስጠነቅቃል። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። የጎደላቸው ነገር ቢኖር መድኃኒቱን እየመረመሩ መድኃኒቱ የተሰጠበትን በሽታ አለመጠየቃቸው ነው። ይኸው አንድ መርፌ ለየትኛው በሽታ፣ በየትኛው ደረጃና ለስንት ጊዜ እንደተሰጠ ታይቶ አንዱን ሕመምተኛ ያድናል፣ ሌላውን ይገድላል። በጥናት የታየ ነገር ስለሆነ ማስረጃውን በዝርዝር ማየት ይቻላል።

መርፌው ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?

ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ ያሉት አድሬናል የተባሉ ሁለት ትናንሽ እጢዎች በየቀኑ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ። ኮርቲሶል የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ይጠብቃል፣ ሰውነት ሕመምና ድንጋጤ እንዲቋቋም ያግዛል፣ የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱም ከልክ እንዳያልፍ ልጓም ይሆንበታል። ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ይህንኑ ሆርሞን አስመስለው የተሠሩ ናቸው። ሃይድሮኮርቲሶን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ሜቲልፕሬድኒሶሎን፣ ትራያምሲኖሎንና ዴክሳሜታሶን ከዚህ ቤተሰብ ናቸው። ጡንቻ ለማሳደግ የሚወሰዱት ስቴሮይዶች ሌላ ወገን ናቸው፤ እንዲያውም ኮርቲኮስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጡንቻን ያሳሳል።

የቤተሰቡ አባላት የሚለያዩት በዋናነት በጉልበትና በቆይታ ነው። ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ገደማ ኮርቲሶል ያመነጫል። ዴክሳሜታሶን ደግሞ ሚሊግራም ለሚሊግራም ሲነጻጸር ከኮርቲሶል 25 እጥፍ ያህል ይበረታል። በብዛት የሚገኘው አምፑል 4 ሚሊግራም የሚይዝ ነው። ሁለት አምፑል የተወጋ ሰው እንግዲህ ሰውነቱ ቢያንስ በ10 ቀን የሚያመርተውን ያህል ጉልበት በአንድ ጊዜ ተቀብሏል ማለት ነው። ሥራውም ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሁለት ቀን ይዘልቃል።

መድኃኒቱ ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ መቆጣትን (ብግነትን) የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎች እንዳይመረቱ ያደርጋል። እብጠት ይጎድላል፣ ትኩሳት ይወርዳል፣ ሕመም ይለዝባል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፈታል፣ አንዳንዱም ሰው መንፈሱ ይነቃቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው መቆጣቱን ያመጣው ባክቴሪያ፣ ፈንገስ ወይም ጥገኛ ተሕዋስ ቢሞትም ባይሞትም ነው። መድኃኒቱን ተወዳጅም አደገኛም ያደረገው ይህ ጠባዩ ነው፤ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ደወል ያጠፋል፣ እሳቱን ግን አይነካውም።

ነገሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች የተባሉ ሐኪም በመገጣጠሚያ ብግነት መራመድ ተስኗት ለነበረች ሴት ኮርቲሶን ወጓት፤ በቀናት ውስጥ ተነሥታ መሄድ ቻለች። ሄንችና ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች በ1950 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ብዙም ሳይቆይ ግን መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመሙ እንደሚመለስ፣ መጠኑን ከፍ አድርገው የቀጠሉት ሕሙማን ደግሞ ፊታቸው እንደሚያብጥ፣ አጥንታቸው እንደሚሳሳና ኢንፌክሽን እንደሚበረታባቸው ታየ። ዛሬ በየክሊኒኩ የሚነሣው ክርክር ያኔም ነበር።

የኮቪድ ጥናት ያሳየው

በእንግሊዝ "ሪከቨሪ" በሚል ስም የተካሄደው ጥናት 2,104 ሕሙማን በቀን 6 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን እስከ 10 ቀን እንዲወስዱ አድርጎ ከ4,321 ሌሎች ሕሙማን ጋር አነጻጸረ። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት መካከል በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት መድኃኒቱን ካላገኙት 41.4 በመቶ፣ ካገኙት 29.3 በመቶ ነበሩ። ኦክስጅን ብቻ ከሚወስዱት ደግሞ 26.2 በመቶ የነበረው ወደ 23.3 ወረደ።

በዜናው ውስጥ ሳይጎላ ያለፈው ሦስተኛው ቡድን ነው። ኦክስጅን ያላስፈለጋቸው ሕሙማን ከመድኃኒቱ ምንም ጥቅም አላገኙም። እንዲያውም ከወሰዱት 17.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 14 በመቶ ሞተዋል፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ቢገልጹም አቅጣጫው ወደ ጉዳት ያመላከተ ነበር። ምክንያቱ ይገባል። በሽታው ሲጀምር ሰውነት ቫይረሱን እየተዋጋ ነው፤ ያን ጊዜ መከላከያውን ማዳከም ቫይረሱን መርዳት ነው። ሲቆይ ግን ሳንባን የሚያወድመው ከቫይረሱ ይልቅ ከልክ ያለፈው የመከላከያ ምላሽ ይሆናል፤ ልጓም የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። ቀላል ትኩሳትና ሳል ይዞት ቤቱ የተኛ ሰው "ለኮቪድ ይረዳል" ተብሎ ሲወጋ የነበረው የጥናቱን ግማሽ ብቻ ይዘው በነበሩ ሰዎች ነው።

ማጅራት ገትር፦ አንድ መርፌ፣ አራት መልስ

የመድኃኒቱን ጠባይ ከማጅራት ገትር የበለጠ የሚገልጥ በሽታ ያለ አይመስለኝም። ማጅራት ገትር በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ሽፋን ላይ የሚነሣ መቆጣት ነው። የራስ ቅል አጥንት ስለማይለጠጥ ውስጡ የሚነሣ እብጠት መሄጃ የለውም፤ አንጎልን ይጫናል። ስለዚህ እብጠት የሚያጎድል መድኃኒት ይጠቅማል ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ ነው። መልሱ ግን እንደ ተሕዋሱ ይለያያል።

እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድ መሪነት በአውሮፓ በተደረገ ጥናት በባክቴሪያ ማጅራት ገትር የታመሙ አዋቂዎች ከአንቲባዮቲኩ ትንሽ ቀደም ብሎ ወይም አብሮ ዴክሳሜታሶን ሲሰጣቸው ሞት ከ15 በመቶ ወደ 7 በመቶ ቀነሰ። በ2004 በቬትናም በቲቢ ማጅራት ገትር ላይ በተደረገው ደግሞ ከ41.3 በመቶ ወደ 31.8 በመቶ ወረደ። ሁለቱም ትልቅ ድል ናቸው።

በማላዊ በልጆችም በአዋቂዎችም ላይ ተመሳሳይ ሙከራ ሲደረግ ግን በባክቴሪያው ማጅራት ገትር ላይ ጥቅም አልተገኘም። ሕሙማኑ ዘግይተው ወደ ሆስፒታል የመጡ፣ ብዙዎቹም ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ነበሩ። ኤችአይቪ ያለባቸውን ሰዎች በሚያጠቃው ክሪፕቶኮከስ በተባለ ፈንገስ በሚመጣው ማጅራት ገትር ላይ በስድስት የእስያና የአፍሪካ አገሮች የተካሄደውና ውጤቱ በ2016 የታተመው ጥናትማ መሀል መንገድ ላይ እንዲቆም ተደረገ፤ ዴክሳሜታሶን የወሰዱት የበለጠ የአካል ጉዳት ደርሶባቸዋል፣ ፈንገሱም ከአንጎል ፈሳሻቸው ቶሎ አልጠፋም።

ጥያቄው ኢትዮጵያንም በቀጥታ ይመለከታል። በአራት የአገሪቱ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች በባክቴሪያ ማጅራት ገትር ተጠርጥረው የታከሙ ሕሙማንን የተከታተለና በ2016 የታተመ ጥናት ዴክሳሜታሶን ከተሰጣቸው ሰዎች መካከል የሞቱት ካልተሰጣቸው ይልቅ በልጠው አግኝቷል። ይህን ውጤት በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ሕሙማኑ በዕጣ አልተከፋፈሉም፤ ሐኪም መርፌውን ይበልጥ ለጠናበት ሰው ሰጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ያ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱን የፈጠረው መድኃኒቱ ላይሆን ነው። በሌላ በኩል የአብዛኞቹ በሽታ በላቦራቶሪ አልተረጋገጠም። ባክቴሪያ ተብሎ የታከመው ፈንገስ ወይም ሌላ ነገር ሊሆን ይችል ነበር። የጥናቱ ባለቤቶች የጠየቁትም ይህንኑ ነው፦ ባልተረጋገጠ ምርመራ ላይ ስቴሮይድ መስጠት የሚያዋጣ ነው ወይ?

መልሱ ለሁሉም ሆስፒታል አንድ ሊሆን አይችልም። ከአከርካሪ ፈሳሽ ወስዶ በዚያው ቀን ተሕዋሱን መለየት የሚችል ተቋም የአውሮፓውን መመሪያ ቢከተል ምክንያት አለው። ያን ማድረግ የማይችል ተቋም ግን መመሪያውን እንዳለ ቢቀዳ መመሪያው የቆመበትን መሠረት ትቶ ጣሪያውን ብቻ ወሰደ ማለት ነው።

ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት

በማሕፀን ያለ ፅንስ ሳንባው ሳይበስል ሊወለድ ከሆነ ለእናቲቱ የሚሰጥ ኮርቲኮስቴሮይድ የእንግዴ ልጁን ተሻግሮ የሕፃኑን ሳንባ መብሰል ያፋጥናል። በኒውዚላንድ ሊጊንስና ሃዊ የተባሉ ሐኪሞች ይህን በሰው ላይ አሳይተው ያሳተሙት በ1972 ነው፤ መነሻቸው በበጎች ላይ የታየ ግኝት ነበር። በሀብታም አገሮች አሠራሩ ከተለመደ ቆየ።

በድሃ አገሮች ሲሞከር ግን ነገሩ ተወሳሰበ። በ2015 የታተመው፣ በስድስት አገሮች ወደ 100,000 የሚጠጉ ወሊዶችን ያካተተው ጥናት ሕክምናውን እስከ ገጠር ጤና ተቋም ድረስ ሲያወርድ በጠቅላላው የሕፃናት ሞት ከ1,000 ከ23.9 ወደ 27.4 ከፍ አለ፤ የእናቶች ኢንፌክሽንም ጨመረ። ከምክንያቶቹ አንዱ ተደርጎ የሚታየው የእርግዝናው ሳምንት በአልትራሳውንድ ባለመለካቱ መርፌው ጊዜያቸውን ጨርሰው ለሚወለዱ ሕፃናት እናቶችም ጭምር መሰጠቱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከዚህ በኋላ በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን ሆስፒታሎች ሌላ ጥናት አካሄደ። እዚህ የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ ተለክቷል፣ ኢንፌክሽን ያለባቸው እናቶች አልተካተቱም፣ ለተወለደው ሕፃንም የሚደረገው እንክብካቤ የተሟላ ነበር። በ2020 የወጣው ውጤት የሕፃናቱ ሞት ከ23.5 ወደ 19.6 በመቶ መውረዱን አሳየ። መድኃኒቱ ያው ዴክሳሜታሶን፣ መጠኑም 6 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ። ድርጅቱ አሁን ሕክምናውን የሚመክረው በመሠረቱ ከ24ኛው እስከ 34ኛው ሳምንት ድረስ፣ እነዚህም ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው። በኢትዮጵያ ገጠር ያለ ጤና ጣቢያ ላይ መርፌው መገኘቱ ብቻ በቂ የማይሆነው ለዚህ ነው፤ አልትራሳውንዱና ሕፃኑን የሚያሞቀው ክፍል ከጎኑ መኖር አለባቸው።

የጉልበትና የወገብ መርፌ

ለመገጣጠሚያ ብዙ ጊዜ የሚመረጡት ሜቲልፕሬድኒሶሎንና ትራያምሲኖሎን ናቸው። በደቃቅ ቅንጣት መልክ ተዘጋጅተው ቀስ እያሉ ስለሚሟሙ አንድ መርፌ ለሳምንታት ይሠራል። በዚሁ ምክንያት እነዚህን ዝግጅቶች በደም ሥር መስጠት የተከለከለ ነው።

ለጉልበት ሕመም የሚሰጡት ማስታገሻ እርግጥ ነው፤ ግን አጭር ነው። በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 140 የጉልበት መገጣጠሚያቸው ያረጀ ሰዎችን ከፍሎ ለገሚሱ በየሦስት ወሩ ትራያምሲኖሎን፣ ለገሚሱ የጨው ውኃ ለሁለት ዓመት ወጋ። ስቴሮይድ ያገኙት ልም አጥንታቸው ይበልጥ ሳሳ፤ በሕመም ረገድ ግን ልዩነት አልታየም። ተቺዎች ሕመሙ የተለካው በየሦስት ወሩ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተገኘው እፎይታ ከመዝገብ ውጭ ቀርቷል ይላሉ፤ ትችቱ ተገቢ ነው። ልጇን ለመዳር ለሁለት ሳምንት በእግሯ መቆም ለምትፈልግ እናት አንድ መርፌ ትርጉም አለው። በየሦስት ወሩ ለዓመታት መቀጠል ግን ከጥናቱ በኋላ ለመደገፍ የሚከብድ ልማድ ነው።

የወገቡ ጉዳይ ይለያል፤ መርፌው የሚገባው ከነርቭ አጠገብ ነውና። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2014 በአከርካሪ ዙሪያ የሚሰጥ ኮርቲኮስቴሮይድ አልፎ አልፎ የዓይን ብርሃን ማጣት፣ ስትሮክ፣ ሽባነትና ሞት ሊያስከትል እንደሚችል በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ አዘዘ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ በማሳቹሴትስ የሚገኝ አንድ መድኃኒት ቀማሚ ድርጅት ያመረተው ሜቲልፕሬድኒሶሎን በፈንገስ ተበክሎ ወደ 14,000 በሚጠጉ ሰዎች ሰውነት ገባ። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ20 ግዛቶች 753 ሕሙማንና 64 ሟቾች መዝግቧል። ስሕተቱ የንጽሕና ቢሆንም ስቴሮይዱ ፈንገሱን የሚዋጋውን መከላከያ በቦታው ላይ አዳክሞ መንገድ ጠርጎለታል።

"ለአንድ ቀን ምን ያደርጋል?"

ብዙ ሰው ከዴክሳሜታሶን ጋር የሚተዋወቀው ግን ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ይልቅ በትንሽ ክሊኒክ ውስጥ፣ ዳይክሎፌናክ ከተባለው የሕመም ማስታገሻ ጋር ተዳብሎ፣ ለወገብ፣ ለጉሮሮ ወይም ምንነቱ ላልታወቀ ትኩሳት ሲወጋ ነው። ይህን አሠራር የሚደግፉ ባለሙያዎች አንድ ወይም ሁለት መርፌ በጤነኛ ሰው ላይ ከባድ ጉዳት የማድረስ ዕድሉ ዝቅተኛ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው። ክሩፕ በተባለው የጉሮሮ ሕመም እያፈነ የሚተነፍስ ሕፃን አንድ ጊዜ የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን ከተሻሉት ሕክምናዎች አንዱ ነው።

ዝቅተኛ ማለት ግን ዜሮ ማለት አይደለም። በ2017 የታተመና 1.5 ሚሊዮን አሜሪካውያንን የተከታተለ ጥናት ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ በአፍ ስቴሮይድ የወሰዱ ሰዎች በቀጣዩ አንድ ወር ውስጥ በደም ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድላቸው አምስት እጥፍ፣ የደም መርጋት ሦስት እጥፍ፣ የአጥንት ስብራት ሁለት እጥፍ ገደማ መድረሱን አሳይቷል። ለአንድ ሰው ሲታይ ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ መድኃኒቱ ለጉንፋን ሁሉ ሲታደል ግን ይጠራቀማል። ከዳይክሎፌናክ ጋር መዳበሉ ደግሞ የጨጓራ መድማትን አደጋ ከፍ ያደርጋል፤ የስኳር ሕመምተኛም በቀናት ውስጥ የደም ስኳሩ ሊንር ይችላል።

ትልቁ ጉዳት ግን ከጎንዮሽ ጉዳት ዝርዝር ውስጥ የለም። ትኩሳቱ የወረደለት ሰው ምርመራውን ይተዋል። ታይፎይድ፣ ቲቢ ወይም መግል የቋጠረ ነገር ካለ ድምፁን አጥፍቶ ይቀጥላል፤ ከሳምንት በኋላ ሲመለስ ብሶበት ነው። ሌላም አሳሳቢ ልማድ አለ። ከባድ አለርጂ ደርሶበት ትንፋሽ ያጠረውና የደም ግፊቱ የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው በጭኑ ጡንቻ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። ስቴሮይድ ለመሥራት ሰዓታት ይፈልጋል፤ እሱን አስቀድሞ ሰጥቶ መጠበቅ ወርቃማውን ደቂቃ ማባከን ነው።

ሐኪሙ ማወቅ ያለበት

አንዳንድ ሰዎች ከመወጋታቸው በፊት ሊናገሩት የሚገባ ነገር አለ። ሪቶናቪር ያለበት ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትራያምሲኖሎን ቢወጋ፣ ሪቶናቪር ጉበት ስቴሮይዱን እንዳያስወግድ ስለሚያግደው፣ በአንድ መገጣጠሚያ ላይ የተሰጠች መርፌ ሳትቀር ለወራት የሚቆይ የሆርሞን መዛባት ልታመጣ ትችላለች። ኢትዮጵያ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ በሳንባ ተደብቆ የኖረ ቲቢ ስቴሮይድ ለሳምንታት ሲወሰድ ሊነቃ ይችላል።

በውጭ ለሚኖሩ ደግሞ እምብዛም የማይነሣ ጉዳይ አለ። ስትሮንጂሎይድስ የተባለው ትል በባዶ እግር በኩል ገብቶ ምልክት ሳያሳይ በሰውነት ውስጥ ራሱን እያራባ ለአሥርተ ዓመታት ይኖራል። ስቴሮይድ ሲሰጥ መከላከያው ይላላና ትሉ በመላ ሰውነት ተሠራጭቶ ሊገድል ይችላል። ቴል አቪቭ ወይም ሚኒያፖሊስ ውስጥ 20 ዓመት የኖረ ሰው ልጅነቱን ያሳለፈው በገጠር ከሆነ ለሐኪሙ ሊነግረው ይገባል፤ የዚያ አገር ሐኪም በራሱ ላያስበው ይችላል። በደም ይመረመራል፣ ጊዜ ከሌለም አይቨርሜክቲን አስቀድሞ ወይም አብሮ ይሰጣል።

ስቴሮይድ ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው በድንገት ማቆም የለበትም። ያን ያህል ጊዜ ያረፉት የአድሬናል እጢዎች ወዲያው ሥራ አይጀምሩም፤ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ የደም ግፊት መውረድ፣ አልፎም ራስን መሳት ይከተላል። በየክሊኒኩ እየተዘዋወረ በየሳምንቱ የሚወጋ ሰውም ሳያውቀው እዚህ ደረጃ ሊደርስ ይችላል።

ቁጥጥሩ የት ላይ ይጥበቅ?

ዴክሳሜታሶን በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ሽያጩ ይበልጥ ይጥበቅ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። ብርቱ ገደብ ግን መጀመሪያ የሚጎዳው ያለጊዜዋ ምጥ የያዛትን እናት የምትቀበለውን የወረዳ ሆስፒታል አዋላጅ ይሆናል፤ ከተማ ያለው ክሊኒክ መንገድ አያጣም። በእኔ ግምት ከሽያጭ ገደብ በፊት የሚቀድመው ምዝገባ ነው። ዛሬ ብዙ ሕመምተኛ "የማስታገሻ መርፌ ተወግቻለሁ" ከማለት በቀር የመድኃኒቱን ስም አያውቅም፣ ካርዱ ላይም ተጽፎ ላይገኝ ይችላል። የተሰጠው መድኃኒት ስም፣ መጠንና ቀን በወረቀት ለሕመምተኛው ቢሰጥ ቀጣዩ ሐኪም የወረደውን ትኩሳትና የናረውን ስኳር ምክንያት ይዞ ይነሣል፤ በወሩ ስንተኛው መርፌ እንደሆነም መቁጠር ይችላል።